ከሳህን የወጣው ወንበር፦ የቨርጂኒያ 94ኛ ወረዳ ምርጫ

ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ነው። በእኛ አቆጣጠር ገና ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከባድ የበረዶ ማዕበል እየመታው ነው። በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድ ግን አንድ አዳራሽ በጋዜጠኛ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት ሰማያዊና ነጭ ቀለም ያለው ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ተቀምጧል። ከቨርጂኒያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የመጣ ነው።

በአንድ ወረቀት ላይ ዴቪድ ያንሲ፣ በሌላው ላይ ሼሊ ሳይመንድስ የሚል ስም አለ። በምርጫ እኩል ድምፅ ያገኙ ሁለት ተወዳዳሪዎች ናቸው። ወረቀቶቹ እያንዳንዳቸው የድሮ የፎቶ ፊልም በሚቀመጥባት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ገቡ። ዕቃዎቹም ሳህኑ ውስጥ ገብተው ተማሰሉ። የግዛቲቱ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እጃቸውን ሰደው አንዷን አወጡ። ተከፈተች። ዴቪድ ያንሲ።

እቁብ ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ይህን ትዕይንት ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ ከሳህኑ የወጣው ብር ሳይሆን የሕግ አውጪ ምክር ቤት ወንበር መሆኑ ነው። ለዚያውም የምክር ቤቱን አብላጫ የሚወስን ወንበር።

ያን ሰሞን ዓለም ያወራው ስለ ሳህኑ ነው። እውነትም ለወሬ ይመቻል። እኔን የሚስበኝ ግን ከሳህኑ በፊት ያለው ነው። ሁለቱ ሰዎች እነማን ነበሩ? ሕዝቡን ምን እናድርግላችሁ ብለው ነው የቀረቡት? አንዱ ወይም ሌላው ቢያሸንፍ ለተራው ሰው ምን ይለወጥ ነበር?

ቦታው

94ኛው የምርጫ ወረዳ ያኔ የነበረው በኒውፖርት ኒውስ ከተማ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከአሌክሳንድሪያና ከፌርፋክስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሦስት ሰዓት ያህል ቢነዳ ይደረሳል። ከተማዋ የምትታወቀው በመርከብ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በኒውክሌር የሚንቀሳቀሱ ግዙፍ የጦር አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቹን የሚያሠራው እዚያ ነው። የመርከብ ፋብሪካው በሺዎች ለሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራ ነው። በአቅራቢያው የጦር ሰፈሮች አሉ። የናሳ የምርምር ማዕከልም ጎረቤት ከተማ ሃምፕተን ውስጥ ነው።

የቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት 100 አባላት አሉት። እያንዳንዱ አባል 80,000 ገደማ ሕዝብ ይወክላል። ምርጫው በየሁለት ዓመቱ ነው፤ የአገሪቱ ምርጫ በማይኖርበት በጎዶሎው ዓመት። ደመወዙ ያኔ በዓመት 17,640 ዶላር ነበር። በዚህ ደመወዝ በቨርጂኒያ ቤት ተከራይቶ መኖር ዘበት ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ተወካዮች ሌላ ሥራ አላቸው። ከጃንዋሪ ጀምሮ 45 ወይም 60 ቀን ያህል ሪችመንድ ከርመው ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። ለዚህ ነው እዚያ አገር የተወዳዳሪ የኋላ ታሪክ የሚመረመረው። ሰውየው አሥር ወር የሚሠራው ሥራ በሁለቱ ወር የሚያወጣው ሕግ ላይ ማረፉ አይቀርም።

ነጋዴውና መምህርቷ

አቶ ያንሲ ነጋዴ ናቸው፣ ሪፐብሊካን። ምክር ቤት የገቡት በ2011 ምርጫ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አሸንፈዋል። የምክር ቤቱ የትራንስፖርት ኮሚቴ አባል ነበሩ። ለዚያ አካባቢ ደግሞ መንገድ ትልቅ አጀንዳ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው 64 ቁጥር አውራ ጎዳና በመኪና ተጨናንቆ ሰው የሚያማርርበት ነው። ያን ጊዜ የማስፋት ሥራ እየተካሄደበት ነበር። ሥራ፣ ንግድና መንገድ፤ የእሳቸው ወገን መፈክር በአጭሩ ይህ ነው። ዝም ብለው የሚሠሩ፣ ብዙም የማይጮኹ ዓይነት ፖለቲከኛ ነበሩ። ከዕጣው በፊት ከኒውፖርት ኒውስ ውጭ ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይደለም።

ወይዘሮ ሳይመንድስ ዴሞክራት ናቸው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ አስተምረዋል። ባለቤታቸው የናሳ ተመራማሪ ናቸው። ከ2012 ጀምሮ የከተማዋ የትምህርት ቦርድ አባል ሆነዋል። የትምህርት ቦርድ ማለት በአሜሪካ ፖለቲካ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ዘገየ፣ አስተማሪ ጠፋ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ወላጅ ተቆጥቶ የሚመጣው እዚያ ነው። ቦርዱ ደግሞ ገንዘብ የሚጠብቀው ከግዛቱ ነው። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ቨርጂኒያ ለትምህርት የምትሰጠውን ገንዘብ ቀንሳ ነበር። እጥረቱን ከታች ሆኖ የሚያየው ቦርዱ ነው። ወይዘሮ ሳይመንድስ ወደ ሪችመንድ ለመሄድ የፈለጉት ከዚህ ተነስተው ነው ብዬ አስባለሁ። የቅስቀሳቸው ዋና ነጥቦች የትምህርት ቤት በጀት፣ የአስተማሪ ደመወዝና ሜዲኬይድን ማስፋት ነበሩ።

ሁለቱ ሲፋጠጡ የመጀመሪያ ጊዜያቸው አልነበረም። በ2015 ተወዳድረው ወይዘሮ ሳይመንድስ በሰፊ ልዩነት ተሸንፈዋል። ይህን ልብ እንበል። ወረዳው ያው ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው። ወይዘሮዋ በሁለት ዓመት ውስጥ የተለየ ሰው አልሆኑም። የተለወጠው አየሩ ነው። ኖቬምበር 2016 ላይ ዶናልድ ትራምፕ ተመረጡ፤ በቨርጂኒያ ግን ሒላሪ ክሊንተን አሸንፈው ነበር። ዴሞክራቶች በቀጣዩ ዓመት በአብዛኞቹ ወረዳዎች እጩ አሰለፉ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ለምርጫ ቀርበው የማያውቁ ሴቶች ነበሩ።

ሦስተኛም ተወዳዳሪ ነበሩ፤ ማይክል ባርትሊ የሚባሉ ሊበርታሪያን፣ የመንግሥት እጅ ይጠር ከሚለው ትንሽ ፓርቲ። ከ600 በላይ ድምፅ አገኙ። በሌላ ምርጫ ማንም የማያነሳው ቁጥር ነው። እዚህ ግን ከስድስት መቶዎቹ አንድ ሰው ብቻ ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ ሳህን የሚባል ነገር አይመጣም ነበር።

ክርክሩ ስለ ምን ነበር?

የሜዲኬይድን ነገር ሳልዘረዝር ማለፍ አልችልም። የጉዳዩ ሥጋ እዚህ ነው።

ሜዲኬይድ ለድሆች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን ነው። ወጪውን የፌደራል መንግሥትና ግዛቱ ይጋሩታል። የኦባማ የጤና ሕግ ከድህነት መስመሩ እስከ 138 በመቶ ገቢ ያለውን ሰው ሁሉ እንዲያቅፍ ነበር የታሰበው። በ2012 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዛቶች መስፋፋቱን እንዲቀበሉ አይገደዱም አለ። ቨርጂኒያ አልቀበልም ካሉት መካከል ሆነች።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነበር? በቨርጂኒያ ልጅ የሌለው፣ አካል ጉዳተኛ ያልሆነ አዋቂ የቱንም ያህል ደሃ ቢሆን ሜዲኬይድ አያገኝም። ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥብ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ፣ ሰዓቱ ተቆራርጦ የሚሰጠው ሰው ከአሠሪው መድን የለውም፤ ከመንግሥትም የለውም። ሲያመው ይቻለዋል። ካልቻለው ድንገተኛ ክፍል ይገባና የማይከፍለው ቢል ይላክለታል። ድልድዩን ተሻግሮ ዋሽንግተን ወይም ሜሪላንድ የሚኖር ዘመዱ ግን በዚያው ገቢ የሜዲኬይድ ካርድ አለው። በአካባቢው ለሚኖሩ የእኛ ሰዎች ይህ ልዩነት የጋዜጣ ወሬ አልነበረም። የትኛው ወንዝ ማዶ ቤት ልከራይ የሚለውን ሳይቀር የሚነካ ነገር ነበር።

ገዢው ቴሪ ማካሊፍ ከ2014 ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ሜዲኬይድ ይስፋ ብለው ለመኑ፣ ተሟገቱ፣ ዛቱ። የተወካዮች ምክር ቤቱ እምቢ አለ። ከ100 ወንበር 66ቱ የሪፐብሊካን ነበሩና ማለፊያ የለም። የእነሱም ክርክር ባዶ አልነበረም። የፌደራል መንግሥት 90 በመቶውን እከፍላለሁ ይላል፤ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥስ? ያ ሁሉ ሰው ከገባ በኋላ ወጪው በእኛ ላይ ይወድቃል፤ ከትምህርትና ከመንገድ በጀት ይነጠቃል ነው የሚሉት። አቶ ያንሲ የዚያ 66 አካል ነበሩ። ወይዘሮ ሳይመንድስ ደግሞ 400,000 ገደማ ሰው መድን ሊያገኝ እየቻለ የፌደራሉን ገንዘብ መመለስ ምን ማለት ነው ከሚሉት ወገን ናቸው።

እንግዲህ መራጩ ፊት የቀረበው ምርጫ ግልጽ ነበር። ነጋዴና መምህርት ከመሆናቸው በላይ፣ አንዱ ሲመረጥ የአንድ ካርድ ዕድል ይሰፋል፣ ሌላው ሲመረጥ ባለበት ይቆያል ተብሎ ይታሰብ ነበር።

አንድ ድምፅ

ምርጫው ኖቬምበር 7 ቀን 2017 ተካሄደ። ማታውን ቨርጂኒያ ተናወጠች። ዴሞክራቱ ራልፍ ኖርታም በ9 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ብልጫ ገዢነቱን አሸነፉ። በተወካዮች ምክር ቤት ዴሞክራቶች 15 ወንበር ነጠቁ። ከእነዚያ ውስጥ 11ዱን ያሸነፉት ሴቶች ናቸው። ያን ያህል ይሆናል ብሎ የገመተ ሰው አላውቅም። 66 ለ34 የነበረው ምክር ቤት በአንድ ሌሊት 51 ለ49 ሊሆን ተቃረበ።

94ኛው ወረዳ ላይ አቶ ያንሲ በ10 ድምፅ ብልጫ ተመዘገበላቸው። ከ23,000 በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ 10! ልዩነቱ እንዲህ ከጠበበ ተሸናፊው ድጋሚ ቆጠራ የመጠየቅ መብት አለው። ወይዘሮ ሳይመንድስ ጠየቁ።

ዲሴምበር 19 ቀን ተቆጠረ። ከሁለቱም ፓርቲ የተውጣጡ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆጠሩ። ማታ ላይ ውጤቱ ተነገረ። ሳይመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607። በአንድ ድምፅ አሸነፉ! ምክር ቤቱ 50 ለ50 ሆነ ማለት ነው። ሪፐብሊካኖች ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ የያዙትን አብላጫ አጡ። ዜናው በየቴሌቪዥኑ ተለቀቀ። ደስታው ያደረው ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

በማግስቱ ሦስት ዳኞች ውጤቱን ሊያጸድቁ ተቀመጡ። ለነሱ አንድ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። ቆጠራው ላይ የሪፐብሊካኖቹን ወገን ይዘው ከተቀመጡት አንዱ፣ ትናንት የጣልናት ወረቀት ነበረች፤ ማታ ሳስበው መጣል አልነበረባትም አሉ።

ወረቀቷ እንዲህ ነች። መራጩ በያንሲ ስም አጠገብ ያለውን ክብ አጥቁሯል። በሳይመንድስም ስም አጠገብ ያለውን አጥቁሯል። ሁለት ሲጠቆር ድምፁ ይበላሻል። ነገር ግን በሳይመንድስ ክብ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር አለ። የተሰረዘ ይመስላል። ይህ ሰው በሌሎቹ ቦታዎች ሁሉ የመረጠው ሪፐብሊካኖችን ነው። አንድ ነገር ግን ያደናግራል። ለገዢነት የተወዳደሩትን የሪፐብሊካኑን የኤድ ጊለስፒን ክብ ካጠቆረ በኋላ እዚያም ላይ ምልክት አድርጓል። ታዲያ ምልክት ማለት መሰረዝ ነው ወይስ ማጽናት? ያንን የሚያውቀው መራጩ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? ድምፅ ምስጢር ነው።

ዳኞቹ ድምፁ የያንሲ ነው አሉ። 11,608 ለ11,608።

የወይዘሮዋ ጠበቆች ጮኹ። ክርክራቸው ስለ መስመሩ ብቻ አልነበረም። ቆጠራው ላይ ያቺ ወረቀት ስትጣል ማንም አልተቃወመም፤ ቆጠራው ተዘግቶ ካደረ በኋላ ተመልሶ መክፈት ሕግ አይፈቅድም ነው ያሉት። ወረቀቷ በየጋዜጣው ወጥታ ስለነበር ብዙ ሰው አይቷታል። እኔ ሳያት መራጩ ያንሲን የፈለገ ይመስለኛል። ይሁንና የጠበቆቹ ነጥብም ሚዛን ይደፋል። ማታ ተቆጥሮ ያለቀ ነገር በጠዋት ደብዳቤ ከተከፈተ መጨረሻው የት ነው? የሁለቱም ወገን ክርክር እውነት ሊሆን ይችላል። ከባዱም ነገር እሱ ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ቨርጂኒያ ውስጥ ዳኞችን የሚሾመው ይኸው ምክር ቤት ከግዛቱ ሴኔት ጋር ሆኖ ነው። ከአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ የሚያደርጉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሌላዋ ሳውዝ ካሮላይና ነች። ዳኞቹ አዳልተዋል ማለቴ አይደለም። ግን የምክር ቤቱን አብላጫ የሚወስን ክርክር ምክር ቤቱ በመረጣቸው ዳኞች ፊት ሲቀርብ ሰው ማጉረምረሙ አይቀርም።

እኩል ለእኩል ሲሆን የቨርጂኒያ ሕግ መልሱ ዕጣ ነው። በ1971 ለዚያው ምክር ቤት እንዲሁ ተደርጓል። ዕጣው ለዲሴምበር 27 ተቀጥሮ ነበር፤ ጠበቆቹ ዳኞቹ ድጋሚ እንዲያዩት ስለጠየቁ ተላለፈ። ዳኞቹ ውሳኔያቸውን አንቀይርም አሉ። በማግስቱ ጠዋት ሳህኑ ቀረበ።

ወይዘሮ ሳይመንድስ ከነባለቤታቸውና ከነልጃቸው መጥተው ዓይናቸው እያየ ተሸነፉ። አቶ ያንሲ አልመጡም። ለምን እንዳልመጡ እያሰብኩ እስቃለሁ። እኔም ብሆን የምሄድ አይመስለኝም። ዕጣ ሲወጣ ካሜራ ፊት ምን ዓይነት ፊት ይዘው ይቀመጣሉ?

ወይዘሮዋ ገና አልጨረስኩም ብለው ነበር። ጃንዋሪ 10፣ ምክር ቤቱ በሚከፈትበት ቀን ግን በቃኝ አሉ። በዚያው ሰሞን በፍሬድሪክስበርግ አካባቢ በ28ኛው ወረዳ ሌላ ጠብ ነበር። እዚያም ሪፐብሊካኑ ከ100 ባነሰ ድምፅ አሸንፈው፣ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች የሌላ ወረዳ የድምፅ መስጫ ወረቀት እንደተሰጣቸው ታወቀ። ምርጫው ይደገም የሚለው ጥያቄ ግን አልተሳካም። 51 ለ49 ጸና። ኮሚቴውም አፈ ጉባኤነቱም የሪፐብሊካን ሆነ።

ከዚያስ?

በዕጣው ቀን ብዙ ሰው ሜዲኬይድ ቀረ ብሎ ነበር። አብላጫው እዚያው ሰው እጅ ነው፤ አራት ዓመት እምቢ ያለ አሁን ለምን እሺ ይላል?

እሺ አለ። ፌብሩዋሪ 2018 ላይ የተወካዮች ምክር ቤቱ ሜዲኬይድን የሚያሰፋ በጀት 68 ለ32 አጸደቀ። 49ኙ ዴሞክራቶች ብቻቸውን አልነበሩም። 19 ሪፐብሊካኖች ተሻግረው መጡ። የግዛቱ ሴኔት እስከ ሜይ መጨረሻ አንገራገረ፤ በመጨረሻ እሱም አለፈው። ገዢ ኖርታም፣ ራሳቸው የሕፃናት ሐኪም ናቸው፣ ጁን 7 ቀን ፈረሙ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ካርዱ መሥራት ጀመረ። ለሪፐብሊካኖቹ የተሰጠ ነገርም ነበር። ተጠቃሚዎች ሥራ እንዲሠሩ ወይም ሥልጠና እንዲወስዱ የሚል ቅድመ ሁኔታ ተጨመረ፤ የግዛቱን ድርሻ ደግሞ ሆስፒታሎች በሚከፍሉት ታክስ ይሸፈን ተባለ።

ለምን ተሻገሩ? የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። የገጠር ሆስፒታሎች ጉዳት አለ። በጀቱም አለ። እኔ ግን ኖቬምበር 7ን አልረሳም። አጠገብህ የተቀመጡ 15 ሰዎች ወንበራቸውን ሲያጡና የአንዱ ዕጣ ከሳህን ሲወጣ አይተህ በድሮው አቋምህ ትደርቃለህ? አንድ ፖለቲከኛ ዓመት ሙሉ ከሚነገረው ክርክር ይልቅ የጎረቤቱ መሸነፍ ይሰማዋል። የወይዘሮ ሳይመንድስ ዋና አጀንዳ እሳቸው ሳይገቡ ገባ። ይህን ከሳህኑ ታሪክ ጋር አያይዞ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

የትምህርቱስ? እሱ በቀስታ ሄደ። የአስተማሪ ደመወዝ በአንድ በጀት አይፈታምና ጥያቄው ለሚቀጥለው ምርጫ ተሻገረ።

በ2018 ደግሞ የፌደራል ፍርድ ቤት 11 የምክር ቤቱ ወረዳዎች በዘር መሠረት ተሰምረዋል ብሎ ፈረደ። ካርታው እንደገና ሲሰመር የጎረቤት ወረዳዎችም ተነኩ። 94ኛውም ድንበሩ ተለወጠና ለዴሞክራት የሚመች ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2019 ካርታውን ላለመንካት ወሰነ።

ኖቬምበር 2019 ላይ ያው ሁለቱ ሰዎች ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙ። አቶ ያንሲ ወንበሩን ያገኙት በሳህን ነው ብሎ የማያሾፍ አልነበረም። ወይዘሮ ሳይመንድስ ደግሞ ያቺን የጎደለች አንድ ድምፅ በየቤቱ በር ላይ ያነሷት ነበር። የማታው ቆጠራ ብዙም አላስጠበቀም። ወይዘሮዋ ከ100 መራጭ የ57 ወይም የ58ቱን ያህል ድምፅ ይዘው አሸነፉ። ዴሞክራቶችም 55 ለ45 ምክር ቤቱን ወሰዱ። ጃንዋሪ 2020 ላይ መምህርቷ ሪችመንድ ገብተው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።